አዞውን ፈርተን ቀንድ አውጣዋን ረሳናት፦ በቤት አኳሪየም ውስጥ ሳንጠራቸው ስለሚራቡ ፍጥረታት

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዓሳ ነው። የአርባ ምንጩን የዓሳ ኮትሌት ማለቴ አይደለም። ሳሎን ውስጥ ወይ ካፌ ውስጥ በመስታወት ሳጥን ስለምናየው ጌጠኛ ዓሳ ነው። "ዶክተር፣ አኳሪየምን ከጤና ጋር ደግሞ ምን አገናኘው?" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ከጥቂት ወራት በፊት እንደዚሁ ነበር የማስበው።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ የ11 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባ። አባትየው ሲቀላ ውስጥ ጁስ ቤት አላቸው። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ሆዱን ሲቆርጠው ቆይቷል። ሰገራው አልፎ አልፎ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ነው፣ ከስቷል፣ ትምህርት ቤትም ይደክመዋል። "አሜባ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቼ ሰጠሁት። ትንሽ ይተወውና ይመለስበታል" አሉኝ።

እስቲ በግምት ከመሄድ እንየው ብዬ የሰገራ ምርመራ አዘዝኩ። ውጤቱ ሲመጣ አሜባ የለም። ያለው በጎኑ እሾህ የመሰለ ሹል ነገር ያለው እንቁላል ነው። ይህን እንቁላል አንዴ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ከሌላ ጋር አያምታታውም። ቢልሃርዚያ ነው፣ የአንጀቱ ዓይነት።

ስነግራቸው አባትየው ትንሽ ዝም አሉና ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ። ጁስ ቤታቸው ውስጥ ያለ አኳሪየም ነው። ሦስት ጎልድፊሽ፣ አረንጓዴ የውሃ ተክል፣ ጠጠር። መስታወቱ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ተለጥፈውበታል።

"ዶክተር፣ ልጄን ያሳመመው ይሄ ነው! እሱ ነው የሚያጸዳው። ከ3 ሳምንት በፊት ተክሉን ከሐይቁ ሲያመጣ 4 ብቻ ነበሩ፣ አሁን መቁጠር አቅቶኛል። ዛሬ ማታ በረኪና ደፍቼበት ሁሉንም ቦይ ውስጥ ነው የምገለብጠው!"

"ቆይ ጋሼ፣ አይቸኩሉ" አልኳቸው። "መጀመሪያ ምን እንደሆኑ እንወቅ። ከዚያ እናጠፋቸዋለን።"

የዛሬው ጽሑፍ ዋና መልእክትም ይኸው ነው። በአኳሪየማችሁ ውስጥ ያልጠራችሁት ነገር ሲራባ ካያችሁ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ለዩት። አንዱን የሚያጠፋው ዘዴ ሌላው ላይ ሲሞከር ሰው ሆስፒታል የሚያስገባበት ጊዜ አለ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ቢልሃርዚያ እንዴት ነው የሚዞረው?

ባጭሩ ላስረዳችሁ።

1. በሽታው ያለበት ሰው ሰገራ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል። የወጣችው እጭ የምትፈልገው የተወሰነ ዓይነት ቀንድ አውጣ ነው።

2. ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ገብታ ለሳምንታት ትባዛለች። ከዚያ ሹካ የመሰለ ጭራ ያላቸው፣ በዓይን የማይታዩ እጮች በሺዎች ሆነው ይወጣሉ። በብዛት የሚወጡት ቀን ብርሃን ሲሆን ነው፣ ልጆች ውሃ በሚገቡበት ሰዓት ማለት ነው።

3. እነዚህ እጮች የሰው ቆዳ ካገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ሰንጥቀው ይገባሉ። ቁስል አያስፈልጋቸውም። ሰው ካላገኙ ግን ከ2 ቀን በላይ አይኖሩም።

4. ሰውነት ውስጥ አድገው በአንጀትና በጉበት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ በሰገራ ምርመራ እስኪታይ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ይፈጃል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያን ይዛ አትወለድም። አኳሪየም ውስጥ የተፈለፈለች ቀንድ አውጣ ሰገራ የነካው ውሃ ካላገኘች ንጹሕ ናት። ሁለተኛ፣ ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ተይዛ የመጣች ግን እጩን ይዛ ልትመጣ ትችላለች። መስታወት ውስጥ ከገባችም በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እጭ መልቀቋን አታቆምም።

አሁን ከእኔ ጋር ቁጠሩ። ተክሉ የመጣው ከ3 ሳምንት በፊት ነው። እንቁላል ለመታየት ቢያንስ 5 ሳምንት ይፈልጋል። ሕመሙ የጀመረው ደግሞ ከ2 ወር በፊት። ስለዚህ ልጁን ያሳመመው አኳሪየሙ ሊሆን አይችልም።

ወደ ልጁ ዞርኩ። "ተክሉን ከየት ነበር ያመጣኸው?"

አባቱን አየት አደረገ። "ከአባያ ዳር።"

"ከዚያ በፊትስ ሄደህ ታውቃለህ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ... ከጓደኞቼ ጋር።"

አባትየው ከወንበራቸው ተነሡ። "አዞ አለ ብዬ ስንቴ ነው የነገርኩህ!"

"አዞ ያለበት ጋ አንሄድም" አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። "ዳር ዳሩን ነው፣ ሣሩ ውስጥ።"

አያችሁ? አርባ ምንጭ የሚያድግ ልጅ ሁሉ ስለ አዞ ይነገረዋል፣ ደግሞም መነገር አለበት። ይህ ልጅም ምክሩን ሰምቶ ከጥልቁ ሸሽቶ ሣርና ሸምበቆ ያለበትን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ መረጠ። ቢልሃርዚያ ተሸካሚዋ ቀንድ አውጣ የምትኖረው ደግሞ እዚያው ነው፤ ጸጥ ባለ ውሃ፣ በተክል መሀል፣ ዳር ላይ። ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ ናት፣ ማንም አይፈራትም።

ቀንድ አውጣችሁን እንለይ

ማታ ከሥራ ስወጣ ጁስ ቤቱ ሄጄ አየኋቸው። ሁለት ዓይነት ነበሩ። እናንተም ቤት ካሉ እንዲህ ለዩዋቸው፦

• ጠፍጣፋ፣ እንደ በግ ቀንድ ወይም እንደ ተጠቀለለ ገመድ ክብ የሆነች። ባዮምፋላሪያ የምትባለው የአንጀት ቢልሃርዚያ ተሸካሚ መልኳ ይህ ነው። በአገራችን ሁለት ዝርያዎቿ ይታወቃሉ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በአኳሪየም ንግድ የምትሸጠው ምንም የማታደርገዋ ቀንድ አውጣም መልኳ ይኸው ነው።

• ወደ ላይ ሾል ያለች፣ አፏ በግራ በኩል የሆነ። ጫፏን ወደ ላይ፣ አፏን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ስታዩ ክፍተቱ በግራችሁ ከሆነ ከሁለት አንዷ ናት። አንዷ ፊዛ ናት፣ ከውሃ ተክል ጋር ተደብቃ የምትመጣ፣ ከማስቀየም ውጪ ጉዳት የሌላት። ሌላዋ ቡሊነስ ናት፣ የሽንት ቧንቧውን ቢልሃርዚያ የምታስተላልፍ። ይህኛው ዓይነት በሽታ በአገራችን የሚታወቀው በአዋሽ ሸለቆና በኩርሙክ አካባቢ ቆላ ነው።

• ሾል ያለች፣ አፏ በቀኝ የሆነና ሰፋ ያለ። ሊምኒያ ትባላለች። የከብትና የበግን የጉበት ትል የምታስተላልፈው እሷ ናት።

• ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ጥምዝ ሾጣጣ። ቀን ጠጠር ውስጥ ትቀበራለች፣ ማታ ትወጣለች። እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን ነው የምትወልደው። ለዚህ ነው አንድ ቀን መብራት ስታበሩ በመቶ ሆነው የምታገኟቸው።

እንቁላላቸውን ደግሞ መስታወቱና ቅጠሉ ሥር ፈልጉ። ጥርት ያለ ጄል ጠብታ የመሰለ፣ ውስጡ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ወንድም ሴትም ናቸው፣ ብቻዋን የገባች አንዲት ቀንድ አውጣ ራሷን አዳቅላ ቤተሰብ ልትመሠርት ትችላለች። ስለዚህ "አንድ ብቻ ናት፣ ተዋት" አትበሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መልክ ዓይነቷን እንጂ መታመሟን አይነግራችሁም። እጭ የያዘችዋና ያልያዘችዋ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ከመልኳ በላይ የሚጠቅማችሁ ጥያቄ "ከየት መጣች?" የሚለው ነው። ከሱቅ ከሆነ ተረጋጉ። ከአባያ፣ ከጫሞ፣ ከኩልፎ፣ ከባቱ፣ ከሀዋሳ ወይ ከጣና ዳር ከሆነ እጃችሁን አታስገቡ።

እንዴት እናጥፋት?

ከሐይቅ ወይ ከወንዝ ከመጣች፦

1. እስኪያልቅ ድረስ ማንም ባዶ እጁን ውሃው ውስጥ አያስገባ፣ በተለይ ልጆች። እስከ ክንድ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አድርጉ።

2. ዓሳዎቹን በመረብ አውጥታችሁ ሌላ ዕቃ ውስጥ አድርጉ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ቀድሞ ተቀድቶ ይደር።

3. ቀንድ አውጣዎቹን፣ ተክሉንና ከሐይቅ የመጣውን ጠጠር ምግብ የማይሠራበት ባልዲ ወይም ድስት ውስጥ ከታችሁ የፈላ ውሃ ድፉበት። ሲቀዘቅዝ ቅበሩት። የፈላውን ውሃ መስታወቱ ውስጥ እንዳትደፉ፣ ይሰነጠቃል።

4. የአኳሪየሙን ውሃ ከቦይና ከወንዝ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ አፍስሱት። ባዶውን መስታወት በበረኪና ውሃ አጥባችሁ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል።

5. ሁለተኛ የሐይቅ ተክል አታስገቡ። የፕላስቲክ ይበቃል። የግድ ተክል ካስፈለገ ከሻጭ ገዝታችሁ ለ1 ወር ያህል ለብቻው በባልዲ አቆዩትና የተፈለፈለ ካለ እዩ።

ከሱቅ የመጣች ከሆነ ደግሞ ነገሩ የጽዳት ጉዳይ ነው። ቀንድ አውጣ የምትበዛው ምግብ ሲተርፍ ነው። ዓሳውን አታጥግቡት። ማታ አንድ ቅጠል ሰላጣ ውስጡ ጣሉ፣ ጠዋት ተሰብስበውበት ታገኟቸዋላችሁ፣ ከነቅጠሉ አውጡ። እንቁላሉን በአሮጌ የሞባይል ካርድ ፋቁት። ለጥቂት ሳምንታት ብትደጋግሙት ይቀንሳሉ። በመድኃኒት በአንድ ጊዜ ከፈጃችኋቸው ግን ሬሳቸው ውስጡ በስብሶ ዓሳውንም ይገድልባችኋል።

"እንዶድስ?" የምትሉኝ አላችሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ የዓለም መልስ ከእኛው አገር የወጣ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ይገኛል። ከዚያ የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑ ለዓመታት ተጠና፣ እሳቸውና ዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ግን ልብ በሉ፣ እንዶድ ለዓሳም መርዝ ነው። አኳሪየም ውስጥ ብትጨምሩት ቀንድ አውጣዋም ዓሳውም አብረው ይሄዳሉ።

"ቦይ ውስጥ እገለብጠዋለሁ" ያሉት አባትስ? ይህም አይደረግ። ቦዩ ወደ ወንዝ፣ ወንዙ ወደ ሐይቅ ይሄዳል። በቤታችን ያስቸገረን ነገር ለጎረቤት ይተርፋል። ዛሬ ጣናን የሚያስጨንቀው፣ አባያ ላይም የሚታየው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ ሰው ለጌጥ እየወሰደው ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ቤተሰቦቻችን

አሜሪካ፣ አውሮፓና ዓረብ አገር ያላችሁ ተከታታዮቻችን ይህ ክፍል ለእናንተ ነው። እዚያ የባሕር ውሃ አኳሪየም ከነኮራሉ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ከገዛችሁት ድንጋይ ጋር ተለጥፈው የሚመጡና የሚራቡ ትንንሽ አበባ መሳይ እንስሳት አሉ፣ ፖሊፕ ይባላሉ። ሁለቱን ለዩ፦

• አይፕታዚያ፦ ረጅም ግንድ፣ ዙሪያውን ቀጫጭን ክንድ፣ ሲነኩት ሽው ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባ፣ ቡናማ መስታወት የመሰለ። ብትጨፈልቁት ከቁራጩ እንደገና ይበቅላል። የሚያጠፉት እሱን የሚበሉ ዓሳዎችና ሽሪምፖች ወይም ለዚሁ የተሠራ ማጣበቂያ ነው።

• ዞአንቲድና ፓሊቶአ፦ እንደ ቁልፍ ክብና ጠፍጣፋ ፊት፣ ጠርዙ አጫጭር ዘርፍ ያለው፣ እርስ በርስ ተያይዞ ድንጋዩን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍን። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ አላቸው። በዓለም ከሚታወቁት ኃይለኛ የተፈጥሮ መርዞች አንዱ ነው፣ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የትኛው መርዝ እንዳለው በዓይን አይታወቅም።

መጀመሪያ ላይ "ወደዚያ እመለሳለሁ" ያልኳችሁ እዚህ ነው። ለሐይቋ ቀንድ አውጣ መፍትሔ የሆነው የፈላ ውሃ፣ እዚህ አደጋ ነው። ፖሊፕ ያለበትን ድንጋይ ብትቀቅሉት፣ የፈላ ውሃ ብትደፉበት ወይም በብሩሽ ብትፈትጉት መርዙ ከእንፋሎቱና ከፍንጣሪው ጋር አየር ላይ ይወጣል። በ2018 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሺር ውስጥ አንድ ቤተሰብ አኳሪየሙን ሲያጸዳ በዚህ መርዝ ተመትቶ፣ ሊረዷቸው የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጨምሮ 10 ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል።

ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፦ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የጡንቻ ሕመም፣ የዓይን መቅላትና ማቃጠል። እንዲህ ከሆነ ወዲያው ሁላችሁም ከነውሻችሁ ከቤት ውጡ፣ አምቡላንስ ጥሩ፣ ለሐኪሙም "ኮራል እያጸዳሁ ነበር፣ ፓሊቶክሲን ሊሆን ይችላል" በሉት። ካልነገራችሁት ጉንፋን ወይ ኢንፍሉዌንዛ ሊመስለው ይችላል። ድንጋዩን ማውጣት ካለባችሁ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ፣ እርጥብ እንደሆነ፣ ሳትፍቁና ሳትሰብሩ ሙሉውን አውጡት። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

ወደ ቤታችን እንመለስ፦ መቼ ነው የምንመረመረው?

በሐይቅ፣ በወንዝ ወይ በመስኖ ውሃ ውስጥ የምትገቡ ወይም የገባችሁ ከሆነ እነዚህን እዩ፦

• ከውሃ ስትወጡ የሚያሳክክ ሽፍታ
• ከሳምንታት በኋላ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ ሳል፣ ድካም
• የሚመላለስ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ
• ልጆች ላይ መክሳት፣ የደም ማነስ፣ በትምህርት መድከም

ዝም ከተባለ እንቁላሉ ጉበት ውስጥ እየተጠራቀመ ጠባሳ ይፈጥራል። በዓመታት ውስጥ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ በመጨረሻ ደም ማስታወክ ይመጣል። ወጣት ሆኖ ደም እያስታወከ የሚመጣ ሰው ማየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። በተለይ መነሻው በልጅነት በጥቂት እንክብል ሊድን ይችል የነበረ ነገር ሲሆን።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። በክብደት ተሰልቶ፣ ምግብ ተበልቶ የሚወሰድ ነው። ልጃችን 30 ኪሎ ስለሆነ በኪሎ 40 ሚሊግራም ሂሳብ 1,200 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 600 ሁለት እንክብል ወሰደ። በቃ። (እናንተ ግን ይህን አይታችሁ ራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትወስዱ፣ መጀመሪያ ምርመራ!) መድኃኒቱ ያልጎለመሰውን ትል በደንብ አይገድልም፣ ስለዚህ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት ውስጥ በዘመቻ ሲሰጥም ልጆቻችሁን አታስቀሩ። የቢልሃርዚያ ክትባት ስለሌለ፣ የዳነ ልጅ ቅዳሜ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ከገባ እንደገና ይያዛል።

አንድ የሚያረጋጋ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ቢልሃርዚያ ዓሳ በመብላት አይተላለፍም። ኮትሌታችሁን ብሉ።

ያቺ ትንሽ እህትስ?

አልነገርኳችሁም እንጂ ልጁ የ6 ዓመት እህት አለችው። በእነዚያ 3 ሳምንታት ወንበር ላይ ቆማ እጇን አኳሪየሙ ውስጥ እየከተተች ከዓሳዎቹ ጋር ትጫወት ነበር። አኳሪየሙ ልጁን አላሳመመም፣ እሷን ግን ሊያሳምም ይችል ነበር። መረመርናት፣ ነጻ ናት። አባትየው "ተመስገን!" ሲሉ እኔ "ገና ነው ጋሼ፣ እንቁላሉ ለመታየት ጊዜው አልደረሰም" አልኳቸው። እዚያች ቀን ፊታቸው ላይ ያየሁትን ጭንቀት አልረሳውም።

ከ8 ሳምንት በኋላ ይዘዋት መጡ። በሁለት የተለያየ ቀን ሰገራዋ ታየ፣ ሁለቱም ነጻ። ወንድሟም ተመርምሮ እንቁላሉ ጠፍቷል፣ 2 ኪሎ ጨምሯል። አኳሪየሙ አሁንም ጁስ ቤቱ ውስጥ አለ፣ በፕላስቲክ ተክል፣ ከሦስቱ ጎልድፊሾች ጋር። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ነው የሚሄደው። አብረውት ሐይቅ ዳር ይሄዱ የነበሩትን 5 ጓደኞቹንም አባትየው ራሳቸው ቤት ለቤት ዞረው አስመረመሯቸው። ሦስቱ ቢልሃርዚያ ተገኘባቸው፣ ታከሙ።

እናንተስ ቤት አኳሪየም አለ? ተክሉ ከየት መጣ? ያልገባችሁ ፍጥረት ካለ ፎቶ አንሥታችሁ በኮመንት ላኩልኝ፣ አብረን እንለየዋለን። ሐይቅ ዳር ልጅ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፣ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ምልክት ካያችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ሂዱ።

ሰላማችሁ ይብዛ!